ዝግባዋ ያለችበት ግቢ

በደርግ ዘመን አሰላ ላይ ሰውን ከቤት የማገናኝ ሰው ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል? መሬቱ የመንግሥት፣ ትርፍ ቤቱ የመንግሥት፤ ደላላ የሚባለው ደግሞ በየስብሰባው ከአሻጥረኛው ጎን ስሙ የሚጠራ ሰው ነበር። ቢሆንም ሰው ቤት መፈለጉን አልተወም። ልጅ ይወለዳል፣ አማት ይመጣል፣ ሠራተኛ ከአርቦዬ ወደ አሰላ ይዛወራል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ዓይንህን ለአፈር ይባባላል። የቀበሌ ቤት ሲጠብ ሸጦ ሌላ መግዛት የሚባል ነገር አልነበረም። የሚቻለው መቀያየር ብቻ ነው። የአንዱ ጠባብ ቤት ለሌላው ይሰፋዋል፤ የአንዷ ሩቅ ቤት ለሌላዋ ቅርብ ይሆናል። ሁለቱ ከተስማሙ ሊቀመንበሩ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል፣ አለቀ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ፈልጎ ማግኘትና ማስማማት ደግሞ በቀበሌው የቤቶች ክፍል የእኔ ሥራ ነበር።

ሥራውን እወደው ነበር። ይህን ሳልሽኮረመም ነው የምናገረው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ሥራውን እየፈራ ወይም እየጠላ ይሠራ ነበር፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ዛሬ ማንን ከማን ጋር ላገናኝ ነው እያልኩ ነበር የምሄደው። አባቴ በንጉሡ ጊዜ ደላላ ነበር። ትርፍ ቤት ከወረሰው አዋጅ በኋላ ቃሉ ራሱ ከቤታችን ጠፋ፤ ድሮ ምን ይሠሩ ነበር ሲሉት "እዞር ነበር" ብቻ ይላል። ከእሱ የወረስኩት ሀብት ቢኖር አንድ ነው፤ ቤት በበጋ አላሳይም። በበጋ ሁሉም ቤት ደህና ነው፤ ግድግዳው ደረቅ፣ ግቢው ንጹሕ፣ ጣሪያው እንከን የለሽ። አሰላ ደግሞ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከጭላሎ የሚወርደው ውኃ በከተማዋ መሀል አልፎ ነው ወደ ቆላው የሚሄደው። በየትኛው ግቢ ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ፣ መንገድ ላይ ማን እንደሚይዘው ማወቅ የሚቻለው እየዘነበ ሲሄዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሲዘንብ ሌላው ሰው ወደ ቤት ሲሮጥ እኔ ቦት ጫማዬን አጥልቄ፣ ጥቁር ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ ቤት ፈላጊውን አስከትዬ እወጣለሁ። ጣሪያውን ከማየቴ በፊት አፈሩን አያለሁ። ዛፍ ያለበት ግቢና ዛፍ የሌለበት ግቢ በዝናብ ቀን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ከዚህ ተነስቼ የራሴን ሕግ አወጣሁ። ዛፍ ያለበት ግቢ የሚገባ ሰው ዛፉን አይቆርጥም። ቦይ ያለበት ቤት የሚገባ ሰው ቦዩን በጥራጊ አይሞላም። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ እተክላለሁ የሚል ከነጭራሹ ሌላ ቀበሌ ይፈልግ። ይህን የሚል መመሪያ የትም አልነበረም፤ መመሪያዋ እኔ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ "የዛፍ ደላላ" የሚል ስም አወጣልኝ። ሊያናድደኝ ነው ያለው፤ እኔ ግን በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር።

ሕጌን የናቀ አንድ ሰው ብቻ ልንገራችሁ። ከሲሬ ተዛውሮ የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ረግረጉ ዳር ያለውን ቤት በጥር ወር አይቶ ወደደው። ዝናብ እስኪመጣ ጠብቅ አልኩት። "እኔ ቤት ነው የምፈልገው ወይስ የአየር ጠባይ ጥናት?" ብሎ እኔን ዘሎ አስፈርሞ ገባ። ሐምሌ ላይ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቢሮአችን ከች አለ። "ጫማዬ ውስጥ እንቁራሪት አለች!" አለ፣ የእኔ ጥፋት ይመስል። "ታዲያ ኪራዩን እኩል ተካፈሉ" አልኩት። ሊቀመንበሩ ቆቡ እስኪወድቅ ሳቀ።

አሁን ወደዋናው ነገር ልምጣ።

በላይኛው ሰፈር፣ ከተማዋ አልቃ የገብስ ማሳ በሚጀምርበት አካባቢ፣ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አያቶቻቸው ድሮ ከሸዋ መጥተው እዚህ የሠፈሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን አማርኛና ኦሮምኛውን እያደባለቁ የሚናገሩ የጭላሎ ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ግቢው ግን ሰፊ ነው፤ በግቢው አናት ላይ ደግሞ አንዲት ዝግባ ቆማለች። ስንት ዘመን እንደኖረች የሚያውቅ የለም። ባልና ሚስቱ ቤቱን ሲሠሩ እዚያው አገኟት። ሥሮቿ የግቢውን አናት እንዳለ ጨብጠው ስለያዙት በከባድ ዝናብ እንኳን ከእሳቸው ግቢ የሚወርደው ውኃ ንጹሕ ነው። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ክረምቱን በሰላም የሚተኙት በእሷ ነው፤ አንዳንዶቹ ይህን አያውቁም ነበር።

አሮጊቷ ዝግባዋን "እሷ" ነው የሚሏት። "እሷ ዛሬ ከፍቷታል" ይላሉ፤ ነፋስ ሲበረታ። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ሰው የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ጉልበታቸው ከዳቸው። ውኃ የሚቀዳው ከታች፣ በቁልቁለቱ መጨረሻ ካለው ቦኖ ነው። ስትቀዳላቸው የነበረች የጎረቤት ልጅ ባል አግብታ ሳጉሬ ሄደች። በበልግ ዝናብ አንድ ቀን እንስራ አዝለው ሲመለሱ ጭቃው አንሸራቷቸው ወደቁ። እንስራው ተሰበረ፤ እሳቸው ቆስለው ለብዙ ቀን ተኙ። ልጠይቃቸው ስሄድ እግራቸው አብጦ ነበር። "እማማ፣ ክረምቱ ሲገባ እዚህ መክረም አይችሉም" አልኳቸው። "አውቃለሁ" አሉ። "ታዲያ ወደ ታች ልቀይርዎት።" "ቀይሪኝ። ግን ለሰው ስትሰጪ ቤቱን ብቻ አይደለም የምትሰጪው፤ እሷንም ነው። እሷን የሚቆርጥ ሰው ይገባል ብዬ ካሰብኩ እዚሁ እሞታለሁ እንጂ አልወርድም።"

ይህን የሚሉት እያስፈራሩ አልነበረም። ሴትዮዋ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ዝግባዋን የማይነካ ሰው ካላገኘሁ አሮጊቷን በዚያ ጭቃ ላይ አንድ ቀን ወድቀው እናገኛቸዋለን። ጨነቀኝ። ላይኛው ሰፈር ደግሞ ሩቅ ነው፣ ብርዳም ነው፣ የሚፈልገው ሰው የለም።

አንድ ሰው ፈለገው። ያም ሰው አናጺ ነው።

ስቄ ልሞት ነበር፣ ወይም ላለቅስ፤ የቱ እንደሆነ አላውቅም። በከተማው ውስጥ ስንትና ስንት ሰው እያለ፣ ልብስ ሰፊ እያለ፣ አስተማሪ እያለ፣ ዝግባ ያለበትን ግቢ የሚፈልገው ዝግባ የሚጠርብ ሰው ይሁን? ሰውየው ከስልጤ በኩል መጥቶ አሰላ የቀረ፣ ትሑትና ሥራ ወዳድ ሰው ነው። ሚስቱ እዚሁ የአርሲ ልጅ ናት። ገበያው አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ከነልጆቻቸው ተጨናንቀው ይኖራሉ። የሚሠራው ደጅ ላይ ስለሆነ የመጋዙ ብናኝ የጎረቤት ወጥ ውስጥ ይገባል፤ ክሱ በየሳምንቱ ቢሮአችን ይመጣል። ግቢ ካላገኘ ሥራው ይዘጋል። የእሱ ቤት ደግሞ ለአሮጊቷ ተለክታ የተሠራች ነበር የምትመስለው፤ ሜዳ ላይ ናት፣ ጠባብ ናት፣ ቦኖው ጥጓ ላይ ነው።

የበልጉ ዝናብ ሳይቆም አናጺውን ይዤ ወጣሁ። አሮጊቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቤታቸው ጥግ ሆነው ይመለከቱታል። ሰውየው ሰላምታ ሰጠ፣ ቤቱን ዞረ፣ ግድግዳውን ነካካ። ሁሉም ነገር ደህና እየሄደ ነበር። ከዚያ ወደ ዝግባዋ ሄደ። ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ከዚያ ቀርቦ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ እቅፍ አደረጋት፤ እጆቹ አልተገናኙም። ዞር ብሎ በሌላ በኩል አቀፋት። በመጨረሻም በጣቱ አንጓ ቋ ቋ አድርጎ ጆሮውን ለጠፈ።

"በቃኝ" አሉ አሮጊቷ። "ውሰጂልኝ።"

"እማማ፣ ትንሽ..."

"አቀፋት እኮ! አየሁት። አናጺ ዛፍ የሚያቅፈው ሊቆርጥ ሲያስብ ነው። ስንት ሳንቃ እንደሚወጣት እየለካ ነው።"

እኔም ተናድጄ ነበር። ቁልቁል ስንወርድ መንገዱን ሙሉ ጮህኩበት። "ያቺን ዛፍ ያቀፍካት ምን ሆነህ ነው?" አናጺው ደነገጠ። "ወላሂ ለክፋት አይደለም እህቴ። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስነካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ዝግባ ቆሞ አይቼ አላውቅም። በሥጋ ቤት ደጃፍ የሚያልፍ ሰው የተሰቀለውን አያይም? ማየት መብላት ነው እንዴ?" "አንተ አላየህም፤ አቅፈህ ነው የዞርከው!" አልኩት። አንገቱን ደፋ። እውነቱን ለመናገር መልሱ አሳቀኝ፤ ግን ሳቄን አላሳየሁትም።

ሊቀመንበሩ ጉዳዩ ሲደርሰው ትዕግሥቱ አለቀ። "ይህ የዛፍ ድራማ ይብቃ። አናጺው ግቢ ካላገኘ የጎረቤቶቹን ክስ እኔ አልችለውም፤ ሌላ ቀበሌ እልከዋለሁ። እሳቸውም ካልፈለጉ ይተዉት።" "ይተዉትና ክረምቱን ምን ይሁኑ?" አልኩት። "ታዲያ ዛፍ ነው የሚያድናቸው?" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ስብሰባ የነበረበት ሰው ነው። እስከሚቀጥለው ሳምንት ጊዜ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት።

ልማዴ የሆነ አንድ ነገር ነበረኝ። ሁለት ቤተሰቦች ሊቀያየሩ ሲያስቡ፣ ከመፈረማቸው በፊት አንድ እሁድ እርስ በርስ ቤታቸውን ለቅቀው እንዲውሉ አደርጋለሁ። እነዚህ በእነዚያ ምድጃ ምሳቸውን ይሠራሉ፣ እነዚያ በእነዚህ ደጅ ተቀምጠው የሰፈሩን ድምፅ ይሰማሉ። ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሐሳቡን ቆርጦ ነው የሚመለሰው። ሰፈሩ "የእሁድ ቅያሪ" ይለው ነበር። አሮጊቷን ለአንድ እሁድ ብቻ ብዬ ለመንኳቸው። ለእኔ ሲሉ እሺ አሉ፤ ግን ግቢያቸውን ለቅቀው አይሄዱም። "እሱ ይዋል። እኔም እውላለሁ። እሷን ብቻዋን ትቼ አልሄድም።"

እሁድ ሲሆን አናጺው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መጣ። መጋዝም መጥረቢያም አልያዘም፤ ሆን ብሎ እንደሆነ ከገጹ ያስታውቃል። አሮጊቷ ዝግባዋ ሥር በርጩማቸውን አስቀምጠው፣ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ዘበኛ መስለው ተቀምጠዋል። አናጺው በሩቁ አለፋቸው። በዛፏ በኩል እንኳን ዞር ብሎ ላለማየት አንገቱን አጣሞ ነበር የሚሄደው፤ ያን ሳይ አዘንኩለት። ልጆቹ ግን ማን ይይዛቸዋል? ከዚያች ጠባብ ቤት ወጥተው እንዲህ ያለ ሜዳ ሲያዩ አበዱ። ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። አሮጊቷ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቆየት ብለው ደግሞ "ተው እዚያ ጋ ጉድጓድ አለ፣ እግርህ ይሰበራል" እያሉ ሲጠብቋቸው ሰማሁ።

ቀትር ላይ ዝናቡ መጣ። ሁላችንም ቤት ገባን፤ አሮጊቷ ሳይቀሩ። ልጆቹ በቅጡ ያልበሰለ ድንች ላይ ይረባረባሉ፤ የአናጺው ሚስት ጀርባዋ ላይ ያዘለቻትን አራስ ልጅ አውርዳ ታጠባለች። ከዚያ ሕፃኗን ካስተኛች በኋላ ከጉያዋ አንድ ነገር አወጣች። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረች፣ ከባቄላ የማትበልጥ ነገር ናት። ተነስታ አሮጊቷ ፊት በርከክ አለች።

"አዮ" አለች፤ በአርሲ ልጅ እናቱን እንደሚጠራው። "የልጄ ሀንዱራ ናት። እትብቷ። ከወደቀች ሁለት ወር ሆናት፣ እስካሁን አልቀበርኳትም።"

"ለምን?" አሉ አሮጊቷ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበር። እትብት ሳይቀበር አይቀመጥም።

"የት ልቅበራት? ታች እኮ መሬት የለንም። ፊት ለፊቱ መንገድ ነው፣ ጎኑ የቦኖው ድንጋይ ነው፣ ጀርባው የሰው ሽንት ቤት ነው። የሌሎቹን እናቴ ቤት ወስጄ ነው የቀበርኩት፣ አገር ቤት። ዘንድሮ እናቴ የለችም። እዚህ ግቢ ስገባ ልቤ እዚህ ነው አለኝ። ቤቱን ባይሰጡንም ግድ የለም አዮ። ሀንዱራዋን ብቻ እዚች ዛፍ ሥር ልቅበርና ልሂድ።"

አናጺው ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ይህን ነገር ሚስቱ እንደምታነሳው አያውቅም ነበር፤ ከገጹ ያስታውቃል። እኔም አላውቅም። ቤት የማቀያይር ሰው ሆኜ ያቺን ቤት ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ስፋቷን አውቃለሁ፣ የውኃ መውረጃዋን አውቃለሁ፤ እትብት የሚቀበርበት አፈር እንደሌላት ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

አሮጊቷ ጨርቋን ተቀበሉ። እጃቸው ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ አዩአት። እሳቸው ምን እያሰቡ እንደነበር አላውቅም፤ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው፣ በዚያ ግቢ የራሳቸውን ልጅ እትብት የቀበሩበት ቀን የለም። በመጨረሻ "ዝናቡ ያባራ" አሉ።

ሲያባራ ወጣን። አሮጊቷ በትራቸውን እየተመረኮዙ ሁለት ትልልቅ ሥሮች በተለያዩበት ቦታ ቆሙና "እዚህ" አሉ። አናጺው የሚቆፍርበት ነገር ሲፈልግ ቆየና ከኪሱ መሮ አወጣ፤ ለካ ከመሣሪያው ሁሉ እሷን ብቻ መተው አልቻለም ነበር። በመሮው አፈሩን መፋቅ ጀመረ። "ቀስ! ሥሯን!" ብለው ጮሁበት። ሰውየው በድንጋጤ መሮውን ጣለና በጣቶቹ ቆፈረ። እንደዚያ ሲጠነቀቅ፣ እንጨት በመጥረቢያ የሚፈልጥ ሰው በጣቶቹ አፈር ሲያነሳ ማየት ያስቃልም፣ ሆድም ያባባል። ሚስቱ ጨርቋን አስገባች። አናጺው በራሱ ቋንቋ ዱዓ አደረገ፤ አሮጊቷ አማተቡ፤ ሚስትየዋ በኦሮምኛ መረቀች። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ቆሜ ነበር።

አሮጊቷ አፈሩን በእግራቸው ጠቅ ጠቅ አድርገው ከደፈኑት በኋላ አናጺውን ቀና ብለው አዩት። "እንግዲህ እዚህ ያለችው የአንተም ናት" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"መቼ ነው የምወርደው?"

በሚቀጥለው ሳምንት ወረዱ። ዕቃቸው ብዙ አልነበረም፤ አናጺውና ጎረቤቶቹ በአንድ ምልልስ ጨረሱት። እሳቸው በእኔ ክንድ ተደግፈው ነበር የወረዱት። በየመታጠፊያው ዘወር እያሉ ለአናጺው እንድነግርላቸው አንድ ነገር ያስታውሳሉ። በደቡብ በኩል ያለው ቦይ በሰኔ ይጠረግ። ልጆቹ ላይዋ ላይ ምስማር እንዳይመቱ። እረኞች ከግቢው ኋላ እሳት እንዳያነዱ። ታች ስንደርስ እኔ ራሴ ዝግባ የምሆን እስኪመስለኝ ምክር ጠግቤ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በሥራዬ ከኖርኳቸው ሁሉ ደስ የሚሉኝ ናቸው። አሮጊቷ ታችኛው ቤት ተመቻቸው። ደጃቸው ላይ ቦኖ ስላለ በአጭር ጊዜ የቦኖው አለቃ ሆኑ፤ ወረፋ የሚያስይዙ እሳቸው፣ ተራ የሰረቀውን የሚገሥጹ እሳቸው። ክረምቱን አልወደቁም፤ የሚቀጥለውንም አልወደቁም። አናጺው ላይኛው ግቢ ጥላው ሥር መሥሪያውን ተከለ፤ የጎረቤት ክስ ቆመ። ዝግባዋን አልነካትም። እንዲያውም ሌላውን ሁሉ የሚቆጣ እሱ ሆነ፤ አንድ ጎረቤት ከደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ለማገዶ ቢሰብር ነገሩን ቀበሌ ድረስ አመጣው። ሊቀመንበሩ "እሰይ፣ የዛፍ ደላላዋ ሁለት ሆነች" አለ።

እትብቷ የተቀበረችው ልጅ አድጋ ተማሪ ቤት ገባች። ከትምህርት ስትመለስ መንገዷ በአሮጊቷ ደጅ ነው። "እሷ እንዴት ዋለች?" ይሏታል። ልጅቷም "ዛሬ ደህና ናት አዮ፣ ወፍ ሠፍሮባታል" ትላቸዋለች። ልክ ታማሚ ዘመድ እንደሚጠየቅ። አንዳንድ እሁድ ደግሞ አናጺውና ሚስቱ አሮጊቷን በበቅሎ አስቀምጠው ይወስዷቸውና ዝግባዋ ሥር ውለው ይመለሳሉ። እንደዚያ ያሉ ሰዎችን ማገናኘት የቻልኩ ሰው ነኝ እያልኩ እመካ ነበር፤ አሁንም እመካለሁ።

አሮጊቷ አንድ ጠዋት ሞቱ። ሳይታመሙ፣ ሳያስቸግሩ፣ በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት። ቦኖው ላይ ውኃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ጠርተዋቸው ዝም ቢሏቸው ገብተው አገኟቸው። ዜናው ሲሰማ እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ቀብሩ በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሁን ተባለ። አንድ ነገር ግን አልተገኘም፤ ሳንቃ። ያን ሰሞን ከከተማው እንጨት ድርግም ብሎ ጠፍቶ ነበር፤ የተሰነጠቀው ሁሉ ለመንደር ምስረታ ወደ ገጠር ተጭኗል። የእድሩ ሰዎች መጋዘን ለመጋዘን ዞረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ድንኳኑ ውስጥ ተነስቶ ተናገረ። "ላይ ቤት ያለችው ዝግባ የማን ናት? የእሳቸው አይደለችም እንዴ? አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ቢወርድ ለሣጥን ይበቃል። ለእሳቸው ቢቆረጥ ማን ይከፋዋል?" ሰዉ ተስማማ። ነገሩ እኔንም አሳመነኝ፤ ዛፏ ለአንድ ሰው አንድ ቅርንጫፍ የምትሰጥ ከሆነ ለእሳቸው ነው። አናጺው ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቆቡን አንስቶ ተነሳ፤ ዓይናችን እያየ ዳገቱን ወደ ላይ ወጣ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ሣጥኑን ከትልልቅ ልጆቹ ጋር ተሸክሞ አመጣው። ሥራው ያማረ ነበር፤ ጫፎቹ በደንብ ተጋጥመዋል፣ ላዩ ተልጓል። የተሠራው ግን ከደረቀና ካረጀ ሳንቃ ነው። አንድ ጥግ ላይ ያልተፋቀ ሰማያዊ ቀለም ነበር። ነገሩ አልገባኝም፤ ማንም የጠየቀ አልነበረም። አሮጊቷ ተቀበሩ። አናጺውና ሚስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ቆመው ጠበቁ።

እኔ ከቀብሩ ወደ ድንኳኑ አልተመለስኩም፤ ሚስትየዋ ልጆቹን ይዛ ቀድማኝ ወደ ላይ ስትሄድ ስላየኋት ተከትያት ወጣሁ። ግቢው እስክደርስ ቀና ብዬ ማየት ፈርቼ መሬት መሬት እያየሁ ነው የሄድኩት። ቀና አልኩ። ዝግባዋ እንዳለች ናት። ከሥሯ እስከ ጫፏ አየኋት፤ ከቅርንጫፎቿ አንድም የጎደለ የለም።

ከዚያ ዞሬ ቤቱን አየሁ። የቤቱ መግቢያ ባዶ ነበር። ማጠፊያዎቹ ሰማያዊ በተቀባው መቃን ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል፤ በበሩ ቦታ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰቅሎ ከጭላሎ የሚመጣው ነፋስ ያወዛውዘዋል።

ሚስትየዋ ከውስጥ አየችኝ። "ግቢ እህቴ" አለች። "በሩ የመንግሥት ነው፣ ይጠይቁሃል ብዬው ነበር። 'ይጠይቁኝ፤ በር ሌላ እሠራለሁ፣ እሷን ግን ማን ይሠራታል?' አለኝ።"

የመንግሥት ቤት በር የት እንደገባ የምትጠይቀዋ እኔ ነበርኩ። ጆንያውን ገለጥ አድርጌ ገባሁና ልጅቷ ባቀረበችልኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ቀብሩ ላይ እንቢ ያለኝን እንባ አለቀስኩ።